ለአሮጌ ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተር የሚስማማው ዲስክ የቱ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የጻፋቸው ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ አሉ። የተጻፉት በዊንዶውስ 3.1 ላይ በሚሠራ የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም ነው። ዲስኩ 420 ሜጋባይት ነው፤ ሲነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል። ኮምፒውተሩ ራሱ አይሠራም። በምትኩ ከፋብሪካ ማሽን ላይ የወጣ ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተር አገኘሁ፤ ኤኤምዲ 5ኤክስ86፣ 133 ሜጋኸርዝ፣ 32 ሜጋባይት ራም። 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ እና ሳታ የሚባለውን አዲሱን የዲስክ መገናኛ ወደ ድሮው ወደ አይዲኢ የሚቀይር አዳፕተር ገዝቼ ገጠምኩ። ቦርዱ ዲስክ ፍለጋ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኤስኤስዲው ተበላሽቶ ነው? ሌላ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሌላ ኤስኤስዲ አትግዛ። ኤስኤስዲው ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ቦርዱም እንደዚያው። ያልተግባቡት ሁለቱ ናቸው። ቦርዱ ሲሠራ 120 ጊጋባይት የሚባል ዲስክ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ያን ቁጥር ሲያይ ሒሳቡ ይጠፋውና ይቆማል። እኔ የምመክርህ 512 ሜጋባይት የሆነ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ነው፤ እኛ ሲኤፍ የምንለው። ትንሽ እንደመሰለህ አውቃለሁ። ለምን እንደመረጥኩት ከታች አስረዳሃለሁ፤ ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ።

ያን ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ከእንግዲህ «እስቲ ልሞክረው» እያልክ አታስነሳው። እያንዳንዱ ማስነሳት ከቀረው ዕድሜ ላይ ይቀንሳል። የሚነሳው ለአንድ ሥራ ብቻ ይሁን፦ ሙሉ ኮፒው ለሚወሰድበት ሥራ። በዩኤስቢ አዳፕተር ሞክሬ አልታየኝም ካልክ ወዲያው ሞቷል ብለህ አትደምድም። ብዙዎቹ የዩኤስቢ አዳፕተሮች ኤልቢኤ ከሚባለው፣ የዲስኩን ቦታዎች በአንድ ተራ ቁጥር ከሚቆጥረው የአድራሻ አሠራር ሌላ አያውቁም። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ዲስኮች ደግሞ ኤልቢኤን የማያውቁ አሉ። ስለዚህ እውነተኛ የአይዲኢ ሶኬት ያለው ዴስክቶፕ ፈልግ፤ ፔንትየም 3 ወይም 4 ቢሆን ጥሩ ነው። ሊኑክስ ከሲዲ አስነሳበትና ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ አንድ ፋይል ገልብጠው። ይህ ፕሮግራም የሚወደድበት ምክንያት አለው። የተበላሸ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ተጣብቆ ዲስኩን አያሰቃይም። ዘሎ ያልፍና ደህናውን ሁሉ ቀድሞ ያወጣል፤ ወደ ተጎዳው ቦታ የሚመለሰው በኋላ ነው። ይህን ሥራ በእጅህ ሠርተኸው የማታውቅ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ይሁን። ቦርድ ይተካል፤ የአባትህ ጽሑፍ ግን ሌላ ቅጂ የለውም።

ኮፒው እጅህ ከገባ በኋላ ወደ ቦርዱ እንምጣ።

ዛሬ «ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተር» ሲባል ብዙ ሰው ራስፕቤሪ ፓይ ነው የሚመስለው። ያንተው የዚያ ታላቅ ወንድም ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ የአይዲኢና የፍሎፒ ሶኬቱ ሁሉ በአንድ ካርድ ላይ ተሰድሮ፣ ካርዱ ራሱ ባዶ የአይኤስኤ (የዚያ ዘመን ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው) ሶኬቶች በተደረደሩበት ሌላ ቦርድ ላይ ይሰካል። ለፋብሪካ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከተራ ማዘርቦርድ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

አሁን ኤስኤስዲው ለምን እንዳስቆመው። የድሮ ባዮስ ዲስክን የሚያውቀው በሦስት ቁጥር ነው፦ በሲሊንደር፣ በሄድና በሴክተር። ባዮሱ በራሱ በኩል ከ1024 ሲሊንደር በላይ አይቆጥርም። አይዲኢ ደግሞ በእሱ በኩል ከ16 ሄድ በላይ አይቀበልም። ሁለቱ ሲገናኙ ከየወገኑ ትንሹ ቁጥር ይገዛል። አብረን እናስላው፤ 1024 በ16፣ በ63 ሴክተር፣ አንድ ሴክተር በሚይዘው 512 ባይት ሲባዛ 528,482,304 ባይት ይሆናል። የመጀመሪያው አጥር ይህ ነው። ከእሱ በላይ ለመሄድ ባዮሱ ኤልቢኤ የሚባለውን ትርጉም መሥራት አለበት። እሱም እስከ 8.4 ጊጋባይት ያደርሳል። ቀጥሎ ሌላ አጥር አለ፤ 33.8 ጊጋባይት ላይ። እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የወጡ፣ አዋርድ የሚባለው ኩባንያ የሠራቸው ብዙ ባዮሶች ከዚያ የሚበልጥ ዲስክ ሲያዩ አላውቀውም እንኳ አይሉም፤ ፍለጋው ላይ እንዳሉ ይደርቃሉ። የነገርከኝ ምልክት ቁርጥ ይህን ነው የሚመስለው።

ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ባዮስ ውስጥ ግባና የዲስኩን ዓይነት ከ«አውቶ» ወደ «ነን» (None፣ ምንም ማለት ነው) ቀይረው። ኤስኤስዲው እንደተሰካ ኮምፒውተሩ አልፎ ወደ ፍሎፒ ከሄደ ጥፋቱ የመጠን ነው። ሌላም ሊያሳስት የሚችል ነገር አለ። አንዳንድ የሳታ አዳፕተር ለመንቃት ጊዜ ይፈልጋል፤ የድሮ ባዮስ ደግሞ አይጠብቅም። ይህኛው ሲሆን ግን ኮምፒውተሩ አይደርቅም፤ ዲስክ የለም ብሎ ያልፋል። ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ሲጫኑ ደግሞ ዲስኩ ድንገት ብቅ ይላል።

ኤስኤስዲውን በግድ ማስገባት ይቻላል? ይቻላል። ኤክስቲ አይዲኢ ዩኒቨርሳል ባዮስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። 8 ኪሎባይት የሚሆነውን ቅጂ በሮም ቺፕ ላይ ጽፈህ፣ የድሮ ኔትወርክ ካርድ ላይ ባለው የቡት ሮም ሶኬት ትሰካዋለህ። ከዚያ በኋላ ዲስክ የማወቁን ሥራ ከቦርዱ ባዮስ ይረከባል። ባዮሳቸው ኤልቢኤ ለማያውቅ ቦርዶች ግሩም መፍትሔ ነው። ላንተ ግን ትርፉ አይታየኝም። ያንተ ቦርድ አይዲኢ የሚሠራው ፒአይኦ 4 በሚባለው ፈጣኑ የማስተላለፊያ ስልት ነው ብንል እንኳ በወረቀት ላይ በሴኮንድ 16.6 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በተግባር ከዚያ በታች ነው። የኤስኤስዲው ፍጥነት የሚገባበት በር የለውም። ዊንዶውስ 3.1 የሚነሳበት ዶስ 6.22 ደግሞ በአንድ ክፍል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይሰጥህም። ከ100 ጊጋባይት በላይ ይዘህ ባዶ ቤት ታስጠብቃለህ ማለት ነው።

ሲኤፍ የምወደው በአንድ ዋና ምክንያት ነው፤ ውስጡ ራሱ አይዲኢ ነው። ካርዱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ጀምሮ የአይዲኢን ቋንቋ እንዲናገር ተደርጎ ነው የተሠራው። መብራት ሲያገኝ 9ኛው ፒን ከግራውንድ ጋር ተገናኝቶ ካገኘው እንደ ሃርድ ዲስክ ይነሳል። ስለዚህ ርካሹ የሲኤፍ አዳፕተር አስተርጓሚ ቺፕ የለውም፤ ሶኬትና መስመር ብቻ ነው። የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። የኤስዲ ካርድ አዳፕተር ግን የግድ ቺፕ ያስፈልገዋል። ከአንዳንድ ቦርድ ጋር ይስማማል፤ ከአንዳንዱ ጋር አይስማማም። ሲኤፍ ከጠፋ በኤስዲ ሞክር፤ የመጀመሪያ ምርጫህ ግን አይሁን። ምናልባት ቦርድህ ላይ ባለ32 ፒን ባዶ ሶኬት ታይ ይሆናል። ዲስክ ኦን ቺፕ ለሚባለው የዚያ ዘመን ፍላሽ የተዘጋጀ ነው። ዛሬ ያን ለመፈለግ መድከም አያስፈልግም።

መጠኑ 512 ይሁን ያልኩትም በሒሳብ ነው። አንድ የተለመደ የ512 ሜጋባይት ካርድ ለባዮስ ራሱን የሚያስተዋውቀው 993 ሲሊንደር፣ 16 ሄድ፣ 63 ሴክተር ብሎ ነው። ይባዛ፤ 512,483,328 ባይት ይመጣል። ከላይ ካየነው ከመጀመሪያው አጥር በታች ነው! ትርጉም የለም፣ ኤልቢኤ የለም፣ ማንኛውም አይዲኢ ያለው ባዮስ እንዳለ ይቀበለዋል። ካርዱን ነገ ወደ ሌላ የድሮ ማሽን ብታዛውረው እዚያም ያለ ጣጣ የመነሳት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። ፋት 16 የሚባለው የዶስ የፋይል አደረጃጀት ዲስኩን በቁርጥራጭ ይከፋፍላል። ቁርጥራጩ በ512 ሜጋባይት ካርድ ላይ 8 ኪሎባይት ነው፤ በ2 ጊጋባይት ክፍል ላይ 32 ኪሎባይት ይሆናል። ሁለት ኪሎባይት የምትሆን ደብዳቤም ሙሉውን ቁርጥራጭ ትይዛለች። አባትህ 3,000 ደብዳቤ ጽፈው ቢሆን፣ በትንሹ ካርድ 24 ሜጋባይት ገደማ ሲይዙ፣ በትልቁ 96 ይበላሉ። 512 ካጣህ 1 ወይም 2 ጊጋባይት ውሰድና ባዮሱ ውስጥ ኤልቢኤ ምረጥ። ባዮሱ ኤልቢኤ የሚል ነገር ከሌለው 1023፣ 16 እና 63 ብለህ በእጅህ ሙላ። የካርዱን የመጀመሪያ ግማሽ ጊጋባይት ተጠቅመህ የቀረውን መተው ነው።

ካርድ ስትገዛ ኢንዱስትሪያል የሚለውን ፈልግ፤ ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም። ብዙዎቹ ኤስኤልሲ በሚባለው ፍላሽ የተሠሩ ናቸው። የዚያ ፍላሽ እያንዳንዱ ብሎክ ወደ 100,000 ጊዜ ሊጻፍበት ይችላል። ዶስ ፋይል ሴቭ ባደረግህ ቁጥር የፋይል ማውጫ ሠንጠረዡን ይጽፋል፤ ሠንጠረዡ ሁሌም ያለው ዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ትሪም የሚባለውን የፍላሽ እንክብካቤም ዶስ አያውቀውም። ስለዚህ ጽሕፈቱን ለሁሉም ብሎኮች የሚያዳርስ፣ በራሱ የሚተማመን ካርድ ያስፈልግሃል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ «8 ጊጋባይት ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ ግማሹ ላይ ሲደርስ መጻፍ አቆመ። መለያው ብቻ ነበር ትልቅ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ካርድ ሙሉ በሙሉ ጽፌ፣ መልሼ አንብቤ ሳላረጋግጥ ሥራ ላይ አላውለውም። አንተም እንዲሁ አድርግ።

አሁን ገጠማው። እዚህ ላይ ቀስ በል። ቦርድህ ላይ ያለውን የአይዲኢ ሶኬት ፒን ቁጠር፤ 40 ወይም 44 ነው። 40 ከሆነ ፒኖቹ ሰፋ ብለው የቆሙ ናቸው፤ አዳፕተሩ መብራት የሚያገኘው ለብቻው ነው፣ ብዙ ጊዜ በፍሎፒ ድራይቭ ትንሿ የፓወር ገመድ። 44 ከሆነ ፒኖቹ ጠበብ ይላሉ፤ መብራቱ በዚያው ኬብል በ41 እና በ42 ይመጣል፣ 5 ቮልት። አደጋው ያለው እዚህ ነው። ባለ44 ፒን ኬብል ተገልብጦ ወይም አንድ ረድፍ ተንሸራትቶ ከተሰካ 5 ቮልቱ የማይገባበት ይገባል። እኔ ራሴ በጥድፊያ ገልብጬ ሰክቼ፣ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ካርዱ በጣት የማይነካ ሆኖብኝ ያውቃል። ካርዱ ሞተ፤ ቦርዱ ለጥቂት ተረፈ። አሁን ሳልሰካ በፊት የኬብሉን ቀይ መስመር በጣቴ ይዤ፣ ቦርዱ ላይ 1 የሚል ቁጥር ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን እፈልጋለሁ። ቀዩ መስመር ወደዚያ ነው። ምልክቱ ከጠፋ ቦርዱን ገልብጠህ ከታች እየው፤ ካሬ ሆኖ የተበየደው ፒን አብዛኛውን ጊዜ 1ኛው ነው።

አዳፕተሩ ላይ ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ካለ ማስተር፣ ማለትም አንደኛው ዲስክ በሚለው ላይ አድርገው። ቮልት የሚመርጥ ካለው 5 ቮልት ምረጥ፤ ቦርዱ የሚያወራው በ5 ቮልት ስለሆነ። ካርዱን ስታወጣም ስታስገባም ፓወሩ ይጥፋ። ቅርጹ የካሜራ ካርድ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ እዚህ ግን ሃርድ ዲስክ ነው።

ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ገብተህ «አይዲኢ ኤችዲዲ አውቶ ዲቴክሽን» የሚለውን አስነሳ። ሦስቱን ቁጥሮች ሲያመጣልህ ወረቀት ላይ ጻፋቸውና ኬዙ ውስጥ ለጥፋቸው። ቁም ነገር አለው። በዚህ ዘመን ቦርዶች ላይ ሰዓቱንና የባዮሱን ትዝታ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ዳላስ የሚባል ጥቁር ቺፕ ነው፤ ባትሪው ውስጡ ተቀብሯል። አሥር ዓመት ገደማ እንዲቆይ ነበር የተሠራው። ያንተው አልቆ ይሆናል። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ዲስኩን ይረሳል፤ ሰውም ካርዱ ተበላሸ ይላል። ተመሳሳዩን አዲስ መግዛት ወይም ቺፑን ፈልፍሎ የሰዓት ባትሪ መበየድ ይቻላል። ተራ በርሜል ባትሪ ያለው ቦርድ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አውጣው፤ ፈሳሹ መስመር ይበላል።

ፎርማቱን እዚያው ማሽን ላይ ሥራ። ካርዱን በላፕቶፕ ፎርማት አድርጎ ማምጣት ቀላል ይመስላል፤ ግን ላፕቶፑ ዲስኩን የሚቆጥርበት መንገድ ከአሮጌው ባዮስ ጋር ላይገጥም ይችላል። ያን ጊዜ ፋይሎቹ ይታያሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ጥቁር ስክሪን ላይ ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። በዶስ 6.22 ፍሎፒ አስነሳ፤ የፍሎፒ ድራይቭ ከሌለህ ጎቴክ የሚባለው በዩኤስቢ ፍላሽ የሚሠራ ምትክ አለ። ዲስክን ወደሚከፋፍለው ፕሮግራም፣ ወደ ኤፍዲስክ ግባ፣ አሮጌ ክፍል ካለ አጥፋ፣ አዲስ ፍጠርና አክቲቭ (ማሽኑ የሚነሳበት) አድርገው። አስነሳና ፎርማት ስላሽ ኤስ በል። በመጨረሻ ኤፍዲስክን ስላሽ ኤምቢአር ብለህ ጥራው። ስክሪኑ ላይ ምንም መልስ አይመጣም፤ ሥራውን ግን ሠርቷል። ካርዱ መጀመሪያ ላይ ያለውን የማስነሻ ኮድ አድሶታል። ፍሎፒውን አውጥተህ አስነሳ።

ከተነሳ በኋላ ከኮፒው ፋይል ውስጥ የአባትህን ማውጫዎች በሙሉ ወደ ካርዱ አዛውር። አሁን ካርዱን በዩኤስቢ ሪደር ላፕቶፕ ላይ ብትሰካው ችግር የለም፤ ፋይል መገልበጥ እንጂ ፎርማት ማድረግ ነው የከለከልኩህ። ዊንዶውስ ያለበትን ማውጫ አደራ እንዳትተወው። የአማርኛው ፕሮግራም ፎንቶችና ቅንብሮች እዚያ ውስጥ ተበታትነው ነው ያሉት። ከድሮው ኮምፒውተር ጀርባ፣ ፕሪንተር የሚሰካበት ቦታ ላይ ትንሽ መሰኪያ ተሰክቶ ከነበረም አትጣለው። በዚያ ዘመን አንዳንድ ፕሮግራሞች ያን ቁልፍ ካላገኙ አይነሱም ነበር።

ዊንዶውስ 3.1 ሲከፈት ኮንትሮል ፓነል ውስጥ 386 ኢንሃንስድ የሚለውን ክፈት። ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚለውን «ነን» አድርገው፤ 32 ሜጋባይት ራም ለዚያ ሥራ ተርፎ ይተርፋል። ካርዱም በከንቱ አይጻፍበትም። እዚያው ያለውን ባለ32 ቢት ዲስክ አክሰስ አጥፋው፤ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ዲስክ ነው። ጊዜያዊ ፋይሎች ወደ ራም ድራይቭ፣ ማለትም ከራም ተቆርሶ እንደ ዲስክ ወደሚያገለግለው ቦታ እንዲሄዱ አድርግ። ዲስክን ለማፍጠን ራም ላይ የሚያቆየውን ስማርት ድራይቭ የሚባል የዶስ ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ ስላሽ ኤክስ ጨምርበት። እሱ ካልተጨመረ ያስቀመጥከው ፋይል ለጥቂት ሴኮንዶች ራም ላይ ብቻ ሊቆይ ይችላል። በዚያች መሃል መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። እኛ አገር ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ደብዳቤዎቹ በድሮው ፕሮግራም ሲከፈቱ ሥራው አላለቀም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በራሳቸው መንገድ በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡት ነበር። ለዚህ ነው ፋይሉን ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍተው የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል የሚታይህ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ቁልፉ ያለው ፕሮግራሙና ፎንቱ ጋ ነው።

ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ ስለመቀየር ከማሰብህ በፊት መልኩን አትርፈው። ዊንዶውስ 3.1 ላይ ፖስትስክሪፕት በሚባለው የገጽ መግለጫ ቋንቋ የሚሠራ ፕሪንተር ጫን፤ ፕሪንተሩ በእውን መኖር የለበትም። የሚገናኝበትን ወደብ «ፋይል» አድርገው። ደብዳቤውን ክፈትና ፕሪንት በል፤ የፋይል ስም ይጠይቅሃል። ፎንቶቹ ትሩታይፕ ከሆኑ የፊደሉ ቅርጽ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይገባል። መጀመሪያ በአንድ አጭር ደብዳቤ ሞክረው። ካርዱን አውጥተህ ላፕቶፕ ላይ ሰካ፤ ጎስትስክሪፕት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው። አባትህ የመረጡት ፊደል፣ የተዉት ኅዳግ፣ ያሰመሩበት ቃል ሳይቀር እንደነበረ ይመጣል።

ያን 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ደግሞ ለዚህ አስቀምጠው። የዲስኩን ሙሉ ኮፒ፣ የካርዱን ኮፒና ፒዲኤፎቹን እሱ ላይ አኑር። ፍላሽ መብራት ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከቆየ የያዘውን ሊረሳ ስለሚችል፣ ሌላ ቅጂ በተራ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርገህ እህት ወንድም ቤት አስቀምጥ። ባዮሱ ከተነሳ በኋላ ካርዱን አላውቅም ካለህ፣ ሲነሳ ስክሪኑ ታችኛው ጥግ ላይ የሚመጣውን ረጅም የቁጥር መስመር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የቦርዱን ዓይነት የማውቀው ከእሱ ነው።